ከማኅተሙ የተረፈ ቀለም

ሠላሳ አራት ዓመት፣ በቢቸና ፖስታ ቤት
ማኅተም ስመታ ኖርሁ፣ በሰው ናፍቆት ፊት።
ድው! ለደብረ ማርቆስ። ድው! ለመርጦ ለማርያም።
የላኪውን እንባ፣ የተቀባዩን ሣቅ ግን አላየሁም፤
የማውቀው ቀለም አንድ ነው፤ ሐምራዊ፣ የማኅተም፣
ከአውራ ጣቴ በሳሙና የማይለቅ፣ በሰኞም በቅዳሜም።

ጡረታ ስወጣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጋቢ ሸለሙኝ፤
"አሁን እረፍ" አሉኝ።
እንዴት እንደሚታረፍ ግን ማንም አላሳየኝ።

ጳጉሜ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ከቴሌግራም ወረቀት ጀርባ
እንደ ሹም አዋጅ ጻፍሁ፣ ዕቅዴን በተራ፦
አንደኛ፣ ጮቄን መሳል፣ ከነደመናው ከነግርማው፤
ሁለተኛ፣ በዓመት መቶ ሥዕል፣ አንድም ሳይጎድል፤
ሦስተኛ፣ ባሕር ዳር ወስዶ መስቀል፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው፤
አራተኛውን ባለቤቴ ጌጤ ሰረዘችው።

የመጀመሪያ ሥዕሌ የጎረቤት በቅሎ ነበረች።
ጌጤ አየቻት፣ አየቻት፣ "ፍየሏ ታምራለች" አለች።
ግን አልጣለቻትም፤ ነፋስ በሚገባበት
በግድግዳው ስንጥቅ ላይ በሚስማር መታቻት።
"ለአንድ ነገር ትበጅ።"
እውነቷን ነው፤ ያን ክረምት አልበረደንም።

"አያ ዋለ ጃጀ" አሉ፣ "ብሩሽ ይዞ ከደጅ ዋለ፤
ለጡረተኛ መቋሚያ እንጂ፣ ብሩሽ መች ተባለ?"
ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠርሁ፤ መቶው ቀርቶ አሥራ ሰባት፤
ከእነሱም ስድስቱ ያችው በቅሎ፣ ዛሬም ፍየል የሚሏት።
ጮቄማ እምቢ አለኝ። ስቀርበው ጉም ይለብሳል፣
ስተወው ይገለጣል፤ እንደ ኮራ አማት ያስለምናል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ልጆች መጡ፣ ሳልጠራቸው፤
በድሮው የእህል መጋዘን፣ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ አስቀመጥኋቸው።
ለጥቁር ከሰል፣ ለቀይ የወንዝ ዳር አፈር፣
ለቢጫ የእንቁላል አስኳል፣ እናቶቻቸው እስኪነቁብን ድረስ።
ሐምራዊው ከእኔ ኪስ፤
ፖስታ ቤቱ የጣለው፣ የደረቀ የማኅተም ትራስ።

መስመር አስተማርሁ፣ ጥላ አስተማርሁ፣ ያልገባኝንም ጭምር።
"ጤፍ አረንጓዴ ነው" ስል፣ ትሁኔ እጇን አወጣች፦
"አይደለም፣ የኔታ፤
ነፋስ ሲመጣ ብር ይሆናል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ይመለሳል።"
ወጥተን ቆመን አየን።
ስልሳ ሁለት ዓመት በዚህ ሜዳ መሀል ኖሬ
የጤፍን መልክ የነገረችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ዛሬ።

እጄ ይንቀጠቀጣል። ማኅተም የመታ እጅ ነው፣ ቢደክም አይገርምም፤
ቀጥ ያለ መስመር ቢሉኝ ከእንግዲህ አይወጣልኝም።
ጤፉን ስጀምር ግን፣ ያ መንቀጥቀጥ፣ ያፈርሁበት፣
ከእያንዳንዱ ዛላ ገባና ነፋስ ሆነበት።
እንየው (ስሙ ነው፣ የአንጥረኛው ልጅ)
"እንየው!" አለ ጓደኞቹን፤ በራሱ ስም እየሣቁ መጡ፣
ከዚያ ግን ሣቁን ረሱ፤ ዝም ብለው ተቀመጡ።
"የኔታ፣ ሥዕሉ ይበርዳል እኮ" አለኝ ዝቅ ብሎ።
ማታ ጌጤም አየችው፦
"ያችኛዋ ነፋስ ከለከለች፣ ይኼኛው ነፋስ አስገባ"
ብላ ነጠላዋን አጣፋች።
በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር እንዲህ አመስግናኝ አታውቅም።

ዘንድሮም ጳጉሜ ላይ ያንኑ ወረቀት አወጣሁ፤
መቶውን አጠፋሁት፤ ባሕር ዳርን ለልጆቹ ተውሁ።
ጮቄ ይቆይ። ቸኩሎ አያውቅም።
ሲመሽ ግን፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትገባ፣
ያ ኩሩ ተራራ ሐምራዊ ይሆናል፤
ያን ቀለም አውቀዋለሁ፣
ሠላሳ አራት ዓመት በአውራ ጣቴ ይዤው ስዞር ነበር።

አዲሱ ዕቅድ አጭር ነው፦
ቅዳሜ፣ ለእንየው ፀጉሩ ያልረገፈ ብሩሽ።
ለትሁኔ ብር መሳይ ነገር መፈለግ።
ሦስት እንቁላል ከጌጤ መለመን፤
እምቢ ካለች፣ መስረቅ።